«ሳጥኑ ግን በጣም ጥሩ ነው»

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ግን በጣም ጥሩ ነው።»

ይህን ያለኝ የአይሱዙ ረዳት ነው፤ ሸኖን አለፍ ብሎ፣ ነፋሱ ጋቢ በሚያስመኝበት ሜዳ ላይ። ጎማ እንዴት እንደተነፈሰብኝ፣ ሰው ያልነበረበት ሜዳ እንዴት በአንድ አፍታ በልጆችና በመካሪ እንደተሞላ አልተርክም። በደሴ መንገድ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን እስከ ዛሬ ደስ እያለ የሚከነክነኝ ያ ምስጋና ነው።

ሳጥኑ፣ ቶዮታ ቪትዝ መኪናዬን የሸጠልኝ ሰው በምርቃት የጨመረልኝ የመፍቻ ሳጥን ነው። ክዳኑ ላይ «108 ፍሬ» የሚል ተጽፎበታል፤ ውስጡ እያንዳንዱ ዕቃ በልኩ በተቦረቦረ ጉድጓድ ተኝቶ ያብለጨልጫል። ክሪክም ስኮርታም አለኝ። ከክሪኩ ጋር መኖር የነበረበት የጎማ መፍቻ ግን የለም። የት እንደሄደ ያኔ አልገባኝም።

ረዳቱ ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ ሳጥኑን ከፈተና፣ የሙሽራ ጥሎሽ እንደሚያይ ሽማግሌ አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። በሁለት ጣቱ ነው የሚይዘው፤ እጁ ግሪስ ነክቶታልና እንዳያቆሽሽብኝ። ጫፏ ላይ ሳንቲም የምታህል መስታወት ያለባትን ቀጭን ዘንግ ሲያገኝ ቆም አለ።

«ይቺስ ጋሼ?»

«እንጃ።»

«ለጥርስ ትሆናለች» አለና ወደ ጉድጓዷ መለሳት። አልሳቀም። ቢስቅ ይቀለኝ ነበር።

ከቡሶላዎቹ ሁሉ ትልቁ 19 ነው፤ የቪትዝ ጎማ ብሎን ደግሞ 21 ነው የሚፈልገው። ረዳቱ ይህን ገና ከሩቅ እንዳወቀ እርግጠኛ ነኝ። ቢሆንም 19ኙን አንስቶ፣ ብሎኑ ላይ አስጠግቶ፣ ግራ ቀኝ ሞክሮ፣ «ትንሽ ቀረት አለች» አለኝ። የሞከረው ለብሎኑ ብሎ አይደለም፤ ለእኔ ብሎ ነው። ሳጥኑን ያመሰገነልኝም ይሄኔ ነው። ከዚያ በጥንቃቄ ዘጋውና ተቀመጠበት።

ሾፌሩ ከጋቢና ሆኖ «ተወው! መጫወቻ ነው!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ አቀረቀረ። «እሱ እንደዚህ ነው፤ አይቀየሙት» አለኝ በሹክሹክታ።

መኪናቸው ውስጥ ካለ ጆንያ የዛገ 21 መፍቻና ክንድ የሚያህል የውኃ ቱቦ አመጣ። ልጆቹ ክሪኩን ሊያስገቡ ሲሯሯጡ፣ «መጀመሪያ መሬት ላይ እንዳለ ይላላ፤ ከተነሳ ጎማው አብሮ ይዞራል» አላቸው። ቱቦውን መፍቻው እጀታ ላይ ሰካና ተጫነው፤ አራቱም ብሎኖች እየተንጫጩ ላሉ። ሲያጠብቅ ደግሞ በመስቀል፣ አንዱን ከዚህ፣ ቀጣዩን ከፊት ለፊቱ። የቶዮታ መመሪያ 103 ኒውተን ሜትር ይላል። የእሱ መለኪያ እግሩ ነው፤ መፍቻው ላይ ቆሞ አንዴ ንጥር ይልና «በቃች» ይላል።

ለሻይ ብዬ ብር ስሰጠው ሁለቴ መለሰልኝ። በሦስተኛው ተቀበለኝ፤ መቼም ሦስተኛው እንዲመለስ አይጠበቅም።

ምን ልግዛ ብዬ የጠየቅሁት ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። «ቶዮታ ከሆነ 10፣ 12 እና 14 ይበቃዎታል። 10 ለባትሪው፣ 14 ለሞተር ዘይቱ፤ ለጎማ 21። ቡሶላ ሲገዙ ውስጡ ባለ 6 ማዕዘኑን ይበሉ፤ ባለ 12ቱ የጠበቀ ብሎን ላይ እየሾለከ ጥርሱን ይበላዋል። ፒንሳ፣ ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ አንድ ቱቦ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ለቤት ይሆናሉ።»

ሾፌሩ በአንዲት ቃል የጨረሰውን ይህ ልጅ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነገረኝ። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰው ሞቶ እንኳ «ትንሽ አሟቸው ነበር» ብለን እንጀምራለን። ስንት ጊዜ አማርሬበታለሁ። ግን ከሾፌሩ የያዝኩት ቂም ብቻ ነው፤ የረዳቱን ቁጥሮች ዛሬም በቃሌ እላቸዋለሁ።

መፍቻ ልገዛ ሶማሌ ተራ ስሄድ ሻጩ የሾፌሩ ወገን ሆኖ አገኘሁት። የምፈልጋቸውን ቁጥሮች ስጠራለት፣ «ሳጥን አትፈልግም?» አለኝ ቀና ሳይል። «አለኝ» አልኩት። በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ደህና መፍቻ እንዳለኝ ግቢያችን ውስጥ ለመሰማት ጊዜ አልፈጀም። ጎረቤቴ ባትሪ ሊፈታ 10ን ተዋሰ። ቆየ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ሄድኩ። የራስን ዕቃ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ትሕትና ለብድር ከሚያስፈልገው ይበልጣል፤ በሩ ላይ «ይቅርታ፣ ላስቸግርህ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ግባ እንጂ!» አለ። ባለቤቱ ቡና እየቆሉ ነበር። አቦል ጠጣሁ፣ ቶና ጠጣሁ፣ በረካ ሳይደርስማ አይወጣም። ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ስለ ውኃው ፈረቃ አወራን። ስወጣ እስከ በሩ ሸኝቶኝ «ለምን ነበር የመጣኸው?» አለኝ። «ናፍቃችሁኝ ነው» አልኩት።

ሶማሌ ተራ ተመለስኩ። ሻጩ ገና ሳልናገር «10 ናት?» አለ።

«አዎ።»

«ግቢያችሁ ውስጥ ስንት መኪና አለ?»

ነገርኩት። አራት 10 ቁጥር ቆጥሮ ጠቀለለልኝ።