ባትሪው ይነቀል!

ባጃጅ ጠዋት ቁልፍ ሲዞርበት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ጥፋተኛው ባትሪ ነው። ምርመራ ምን ሲደረግ! አዲስ ይገዛል፣ አሮጌው ለቆራሌው ይሄዳል። አዲሱም በሳምንቱ ሲደክም ጥፋቱ ወደ ሻጩ ይዛወራል፦ «ፎርጅድ ሸጦልህ ነው!»

ይህን ጥበብ ያቆዩልን ኤሌክትሪሺያኖች ዕድሜ ይስጣቸው። ቴስተር ላለመንካት የማሉ ይመስላሉ። ዋጋው ከአንድ ባትሪ በብዙ ያንሳል፤ ግን ከኩራት አይበልጥም። በእርግጥ ሁለቱን ጫፍ ባትሪው ላይ ቢያሳርፉ ነገሩ ወዲያው ይለይ ነበር። ሞተር ጠፍቶ ካደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተር ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጡት ወደ 14 ካልወጣ ቻርጅ የለም፤ 15ን ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ጥሎ ባትሪውን እያፈላው ነው። ታዲያ ቁጥሩን ሾፌሩም ማንበብ ከቻለ ባለሙያው ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ታላቁ ፈተና ይካሄዳል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ሞተሩ ካልጠፋ «ቻርጁ ደህና ነው» ይባላል፤ ከቦ የሚያየውም ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ባትሪው ድንገት ሲወጣ ቮልቴጁ ዘሎ ሬጉሌተሩንም አምፖሉንም ሊያቃጥል ይችላል የሚሉ ምቀኞች አሉ። የፈተናው ውበት ግን እዚያው ላይ ነው፦ ደህና የነበረው ሬጉሌተር ተቃጥሎ ከተገኘ «ነገርኩህ እኮ!» ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ የማይሳሳት ምርመራ የትኛው ሆስፒታል አለ?

ከዚያ መቀያየር ነው። ሬጉሌተር ተቀየረ። ስታተሩ ወጥቶ እንደገና ተጠመጠመ። ሶኬቱ ተነቅሎ በየገመዶቹ መካከል የሚወጣው ቮልት ቢለካ፣ ጥቅልሉ ከቦዲ ጋር መነካካቱም ቢታይ፣ ሞተሩ ሳይከፈት ይታወቅ ነበር፤ ያኔ ግን የእጅ ዋጋ በምን ይጠየቃል?

«አሁን አዲስ አደረግኩልህ» ይላል ባለሙያው። አልዋሸም፤ ባትሪው አዲስ፣ ሬጉሌተሩ አዲስ፣ ጥቅልሉ አዲስ፣ የሾፌሩ ዕዳም አዲስ ነው። ከቁልፉ ሳያልፍ በቀጥታ ባትሪው ላይ ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ የሚመጠውን የወንበር ሥር አምፕሊፋየር ግን ማንም አልጠረጠረውም። እሱማ ሙዚቃ ነው።