የፍሬሽ ዶርም አመራረጥ በዳላስ ሐበሾች ዘንድ፦ አንድ ልከኛ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

በሰሜን ቴክሳስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጁን ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባበት ዓመት ከሥራው ሁሉ በላይ አንድ ሥራ ይጨመርበታል፤ ዶርም መምረጥ። በጉዳዩ ላይ እስካሁን በብዛት የሚገኘው ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያሳትሙት ብሮሹር ነው። ብሮሹሩ ደግሞ «መራጩ ተማሪው ነው» ከሚል ግምት ስለሚነሣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ስቷል። ይህ ጥናት ያንን ስሕተት ለማረም የተዘጋጀ ነው።

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰንና በፕሌኖ ሳሎኖች፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ እንዲሁም በግሪንቪል ጎዳና ምግብ ቤቶች ነው። መጠይቅ አልተበተነም፤ ሐበሻ ወረቀት ላይ የሚሞላውና ቡና ላይ የሚናገረው ተገናኝቶ አያውቅም። መቶኛም አልተሰላም። ርቀት የተለካው በአገር ቤቱ መለኪያ ሲሆን እርከኖቹ ሦስት ናቸው፦ «ቅርብ ነው»፣ «ያን ያህል አይርቅም» እና «እዚያ ድረስ ምን አስኬዳት?» የአሜሪካ ጉዳይ ሲነሣ ዓመቱ በፈረንጅ፣ የአገር ቤት ጉዳይ ሲነሣ በእኛ አቆጣጠር ተቀምጧል። በናሙናነት የተወሰደችው የአንድ የጋርላንድ ቤት የመጀመሪያ ልጅ ናት። በዘርፉ በጸናው ልማድ መሠረት እሷ አልተጠየቀችም።

ታሪካዊ ዳራ

የዛሬዎቹ ወላጆች ራሳቸው ዶርም መርጠው አያውቁም። ዩኒቨርሲቲውን የመደበላቸው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የሐረሩ ጎንደር፣ የጎንደሩ ጅማ ደርሶታል። ክፍሉን የመደበላቸው ደግሞ ፊደል ነው። ግቢ ውስጥ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ አበራ ከአበበ፣ አበበ ከአበባው ተከታትለው አንድ ብሎክ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ወድቀዋል። ክፍሉን ለአራት የተካፈሉ አሉ፤ ለስምንት የተካፈሉም አሉ። ስለ ጠባዩ፣ ስለ መኝታ ሰዓቱ፣ ስለ ማንኮራፋቱ የተጠየቀ የለም። ይህ አሠራር ያፈራው ወዳጅነት ከሰላሳ ዓመት በኋላም በሠርግ ቪዲዮ ላይ ይታያል፤ ከታዩት አባቶች የአንዱ ሚዜዎች ስም በሙሉ በ«አ» ይጀምራል። ሰውየው የሕይወት ወዳጆቹን ያገኘው በሬጅስትራር ጸሐፊ አማካይነት መሆኑን አይክድም።

ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ዶርምን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ እስከ ፓርላማው ድረስ ተሰልፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ለእነዚያ ሰዎች ተማሪ አንድ ላይ ካደረ መንግሥት ይወድቃል። ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ አያት ስለ ዳላስ ዶርሞች የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ማታ ማታ ይሰበሰባሉ?» አይ፣ ጌም ይጫወታሉ ተባሉ። ፊታቸው ላይ የታየው ግማሹ እፎይታ፣ ግማሹ ትዝብት ነበር።

ግኝት አንድ፦ ምሥራቅ ዶርም

ዩቲዲ እየተባለ የሚጠራው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ፣ በስሙ ዳላስ ይባል እንጂ የተተከለው ሪቻርድሰን ላይ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት አባል የሆነው በ1969 ሲሆን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1990 ነው። የመጀመሪያውን የፍሬሽ ዶርም ሕንፃ የከፈተው በ2009 ነው። ሕንፃዎቹ ስም የወጣላቸው በአቅጣጫ ነው፦ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን ምዕራብ፣ ደቡብ ምዕራብ። ምሥራቅ የሚባል የለም።

ላልተመራመረ ሰው ይህ የስም እጥረት ይመስለዋል። ካርታ ዘርግተን ከግቢው ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ግን የደረስነው ጋርላንድ ነው፤ ይኸውም የልጅቷ እናት ቤት። ስለዚህ ምሥራቅ ዶርም አለ። ኪራይ አይጠይቅም፣ ቀንም ሌሊትም ያበላል፣ ልብስ ያጥባል፣ የመመለሻ ሰዓቱ ግን ጥብቅ ነው። በጥናቱ የታዩ እናቶች ሁሉ የቀሩትን አምስቱን ሕንፃዎች የሚመዝኑት ከዚህ ከስድስተኛው ጋር እያስተያዩ ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

ዴንተን የሚገኘው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ይህን ግኝት ያጠናክራል። በ1890 የተመሠረተ፣ ዛሬ ከ40 ሺሕ በላይ ተማሪ ያለው ተቋም ነው። ደንቡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግቢ ውስጥ እንዲያድር ያዛል፤ በአቅራቢያው ከወላጅ ጋር የሚኖር ግን ማመልከት ይችላል። አሜሪካዊው ወላጅ ደንቡን አንብቦ ማመልከቻ ይሞላል። የእኛ ወላጅ ከደንቡ ውስጥ የሚያነበው «ከወላጅ ጋር የሚኖር ግን» የሚለውን ብቻ ነው። ዴንተን ከመሐል ዳላስ 40 ማይል ያህል ይርቃል፤ 35 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ግንባታ የሌለበትን ቀን ያየ ሰው በጥናቱ አልተገኘም። ቢሆንም አንድ አባት «ቅርብ ነው፣ እየተመላለሰች ትማራለች» ብለዋል። እኚሁ ሰው ዴንተን ለልደት ሲጠሩ «እዚያ ድረስ ማን ይነዳል?» ብለው የቀሩ ናቸው። መለኪያው እንደ ጉዳዩ የሚለጠጥ መሆኑ በዚህ ተረጋግጧል።

ግኝት ሁለት፦ ለብቻ ማደር

ብሮሹሩ በጣም የሚኮራበት ነገር የግል መኝታ ነው። ዩቲዲ ሦስት ተማሪዎች ሳሎንና መታጠቢያ እየተጋሩ ለየብቻቸው የሚተኙባቸው ክፍሎች አሉት። ይህ ለማባበያ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር በሐበሻ ሳሎን ሲነበብ የሚፈጥረው ድንጋጤ ነው። «ለብቻዋ? ብትታመምስ? ማን ይሰማታል?» በጥንቱ ሥርዓት ሰባት ምስክር ነበራት።

ቀጥሎ የሚነሣው የኃላፊው ጥያቄ ነው። አገር ቤት ፕሮክተር ነበር፤ መዝገብና ቁጣ ያለው ሰው። እዚህ በየፎቁ ያለው አር.ኤ. የሚባል ተማሪ ነው። ጉብኝት ላይ ከአንዱ ጋር የተዋወቁ እናት ልጁን ከላይ እስከ ታች አይተው «ኃላፊው መቼ ይመጣል?» አሉ። ልጁ ኃላፊው እሱ መሆኑን ፈገግ ብሎ ነገራቸው። እናትየው ምሳ መብላቱን ጠየቁት።

በዚህ መስፈርት ያሸነፈው ኤስኤምዩ እየተባለ የሚጠራው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ2014 ጀምሮ ተማሪዎቹ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ እንዲኖሩ የሚያዝ ሲሆን፣ ማደሪያዎቹ በ11 ማኅበረ ቤቶች ተከፍለው በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ መምህር አብሮ ይኖራል። «ሽማግሌ አለበት» ተባለ፤ የቤተሰቡ ጉባኤ በአንድ ድምፅ ተቀበለው። ከዚያ የክፍያው ገጽ ተከፈተ፤ አጀንዳው ተዘጋ።

ውይይቱን ወደ አርሊንግተን የሚወስዱት አባትየው ናቸው። እዚያ ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ2004 የተከፈተ፣ በካልፓና ቻውላ ስም የተሰየመ ዶርም አለ። ሴትየዋ ከሕንድ መጥታ በዚያው ግቢ በ1984 በኤሮስፔስ ምህንድስና ማስተርሷን የያዘች ጠፈርተኛ ነበረች። አባት እንዲህ ያለ ስም የተጻፈበት ቤት ያደረች ልጅ ትምህርት ልትቀይር አትችልም ብለው ተከራከሩ። እናት የመንኮራኩሯን የኮሎምቢያን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብበው ነበርና መልስ ሳይሰጡ ስኒ ማንሣት ጀመሩ። ከተማዋ መደበኛ አውቶቡስ የላትም የሚለው መረጃ ሲጨመር ደግሞ ውይይቱ ከዶርም ወደ መኪና ግዢ ዞረ፤ አርሊንግተንም በዚያው ተረሳች።

ግኝት ሦስት፦ ፍሪጁና መመሪያው

የወላጆች ጉብኝት ቀን አስጎብኚዋ የኢንተርኔቱን ፍጥነት እያስረዳች ሳለ አንዲት እናት ከቡድኑ ተለዩ። በናሙና ክፍሉ ጥግ ከጉልበት የማያልፍ ፍሪጅ አለ። ተንበርክከው ከፈቱትና መደርደሪያውን በስንዝር ለኩት፤ ሁለት ስንዝር አልሞላም። እጃቸውን አንድ ጊዜ ዘርግተው፣ አንድ ጊዜ አጥፈው እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ተጠቅልሎ አይገባም፤ አራት ቦታ ታጥፎ ነው» አሉ። አስጎብኚዋ ጥያቄ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቀች። ልጅቷ የለም አለች።

ቀጥሎ የተመረመረው የመኖሪያ መመሪያው ነው። በአብዛኞቹ ዶርሞች ሻማ፣ ዕጣንና ኮይሉ የተጋለጠ ምድጃ ክልክል ናቸው፤ ምክንያቱ እሳት ነው። ነገር ግን መመሪያው ቡናን በስሙ ሳይጠራ የቡናን ሥነ ሥርዓት ከእነ ሙሉ ዕቃው ማገዱን ልብ ይሏል። ቆይቶ የተገኘው መፍትሔ ቡናውን ቅዳሜ በምሥራቅ ዶርም መጠጣት ነው።

በምግብ ረገድ ያልተጠበቀ ድጋፍ የመጣው ከዴንተን ነው። በ2011 የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሜፕል በተባለው ዶርም ውስጥ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማይገባበት የመመገቢያ አዳራሽ ከፈተ፤ በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው መሆኑም ተነግሮለታል። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ለሚጾምበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ታላቅ ዜና ነበር፤ የቴክሳስ መንግሥት ሳያስበው የጾም ቤት ሠርቷል። ዜናውን የሰሙ እናት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ «እሱስ ደግ፤ ግን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ያውቃሉ?» አሉ።

ከዕቃ አንጻር መጠቀስ ያለበት ጋቢው ነው። ተማሪ ዶርም የሚገባው ነሐሴ ውስጥ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ሰሞን ነው። በዚያ ሙቀት ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ አባት ካለ ዜግነቱን መጠየቅ አያስፈልግም። በየካቲት 2021 ቴክሳስ በበረዶ ተመትታ ሚሊዮኖች መብራት ሲያጡ የጋቢው ንድፈ ሐሳብ ተረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ የተቃወመው የለም።

ግኝት አራት፦ ጉባኤው

የዶርም ምርጫ የሚካሄደው በጉባኤ ነው። ቋሚ አባላቱ እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ከሲያትል በስልክ የሚገባ አጎት እና ልጃቸው አምና የገባችላቸው አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ናቸው። አጎትየው «ዶርም ለምን? በዚያ ገንዘብ ኮንዶ ግዙ» የሚል አቋም አላቸው። በየዓመቱ ያቀርቡታል፤ ራሳቸው ተከራይ ናቸው።

ጉባኤው ያላገናዘበው አንድ ነገር ቢኖር ሰዓት ነው። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይመርጣል። አጎትየው የተቃውሞ ሐሳባቸውን ሲያብራሩ ሰሜን ሞላ። አክስት ሰው እስኪጠይቁ ደቡብ ሞላ። ወላጆቹ በሐምሌ ከስምምነት ሲደርሱ የቀረው ባዶ አልጋ የት እንደሆነ የሚነግራቸው ኮምፒውተር ነው። በሌላ አነጋገር ከምደባ አምልጦ ውቅያኖስ የተሻገረው ቤተሰብ፣ አማራጩን ሁሉ በደንብ ከመረመረ በኋላ፣ ተመደበ። አገር ቤት ለዚህ ውጤት አንድ ጸሐፊና አንድ የፊደል ተራ ይበቃ ነበር።

ይህ የሚሆነው ግን ጉባኤውን የሚጠብቅ ልጅ ባለበት ቤት ነው። በናሙናችን ቤት የተገኘው ሌላ ነው። ልጅቷ በጥር ወር፣ መኝታ ቤቷ ሆና፣ በስልኳ አመልክታለች። ዶርሜዋን በኢንስታግራም አግኝታ፣ የመኝታ ሰዓታቸውን ተነጋግረው፣ ማን ፍሪጅ ማን ማይክሮዌቭ እንደሚያመጣ ተስማምተዋል። የማመልከቻው ክፍያ በአባትየው የካርድ ሒሳብ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ አባትየው አይተውታል፣ የትምህርት ቤት ነገር መስሏቸው አልፈውታል። አልተሳሳቱም።

ጉባኤው ይህን ሳያውቅ ስድስት ወር ተወያይቶ፣ በመጨረሻ ልጅቷ «እንግዲህ ይህ ቢሆንስ?» ብላ ያቀረበችውን ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ከሲያትል ሳይቀር «ጥሩ መርጠናል» ተባለ። ጉባኤ ነገሩ ከተደረገ በኋላ የሚያጸድቅ አካል መሆኑን የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ቀድመው ያውቁታል፤ ይህ ጥናት የሚጨምረው በጋርላንድም እንደዚያው መሆኑን ነው።

የመፍትሔ ሐሳቦች

ለዩኒቨርሲቲዎች፦ በማመልከቻው ላይ ለአክስት ፊርማ የሚሆን መስመር ይጨመር። አስገዳጅ አይሁን፤ መኖሩ ብቻ ይበቃል። የፍሪጁ ልክም በብሮሹሩ ሽፋን ላይ ይውጣ።

ለወላጆች፦ ስብሰባው ይቀጥል። ቡናው ጥሩ ነው፤ ውሳኔውም ማንንም አይጎዳም።

ለቀጣይ ጥናት፦ የቤቱ ሁለተኛ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። ኦስቲን መሄድ ይፈልጋል። በጉዳዩ ላይ ጉባኤው እስካሁን አልተጠራም፤ የአባቱን የካርድ ቁጥር ግን በቃሉ ያውቀዋል።