በረሃን ኮንዶሚኒየም ማስገባት

ኡሮማስቲክስ የተባለው ባለ እሾኻም ጭራ የበረሃ እንሽላሊት ከሰሜን አፍሪካና ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ኢራን ባሉ ደረቅ አገሮች ይኖራል። የአዲስ አበባዋ ልደታ ከእነዚህ መካከል አትቆጠርም። የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ልደታ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ታሳልፋለች። እዚያ ኮንዶሚኒየም የገባው እንሽላሊት በርዶት ሲገኝ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ጋቢ መደረብን ነው። ጋቢ ግን ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አያመነጭም፤ እንሽላሊት ደግሞ ከራሱ የሚያዋጣው ሙቀት የለውም።

ስለዚህ በሚኖርበት ሳጥን አንድ ጫፍ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ የሚሞቅ ድንጋይ፣ በሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ መደበቂያ ያስፈልጋል። የ100 ዋት አምፖል በቀን 12 ሰዓት ሲበራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ቤተሰቡ ካርድ የሚሞላው ለራሱ ይሁን ለእንሽላሊቱ መለየት ያቅተዋል። መብራት ሲሄድ ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ ለእንሽላሊቱ የሚበጀው በሙቅ ውሃ ተሞልቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ሃይላንድ ነው። ሙቀት ካጣ የበላው አይፈጭለትም። ቆዳው ሲጠቁር አኩርፎ አይደለም፤ በርዶታል። ሲሞቀው ይፈካል።

አምፖል ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አይተካም። አራስ ልጅ ጠዋት ፀሐይ እንደሚሞቅ ሁሉ፣ እንሽላሊቱም አጥንቱ እንዳይለሰልስ ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። ለዚህ የሚፈለገውን የፀሐይ ጨረር የመስኮት መስታወት ስለሚያስቀር፣ በረንዳ ላይ ጥላ ባለው የሽቦ ሳጥን ማውጣት ይሻላል። ክረምት ሲገባ ይህም ይቀራል።

ምግቡ ቀላል ነው። ጎመን፣ ቅጠላ ቅጠልና ጥሬ ምስር ይበቃዋል፤ ሥጋና ወተት ዓመቱን ሙሉ አያስፈልገውም። ጾም በሚጠብቅ ቤት የሚያስወቅሰው ነገር የለም። ውሃም አብዛኛውን ከቅጠሉ ያገኛል። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አለመብላቱ ነው። የቤቱ እመቤት «በሞቴ!» ብትለው አይሰማም፣ ጉርሻም አይቀበልም። የሚበጀው ትቶት መሄድ ነው። አፍንጫው ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ዳማከሴ የሚቀጠፍለት ቤተሰቡ ጉንፋን የያዘው መስሎት ነው፤ ትርፍ ጨውን በአፍንጫው ማስወጣት ተፈጥሮው ነው።

መንከስ አይወድም፤ ሲጨንቀው በእሾኻም ጭራው ይገርፋል። ጭራውን መያዝ የሚሻ ጎረቤት አንድ ጊዜ ከቀመሰ ሁለተኛ አይሞክርም። ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ሳህኑም ከቤቱ ሳህን ጋር አይቀላቀልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሕጉ አለ። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን አይፈቅድም። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀላቀለችው ሳይተስ የተባለው ስምምነትም የኡሮማስቲክስን ዓለም አቀፍ ንግድ ይቆጣጠራል። ፈቃድ ሳይኖረው እንሽላሊት ገዝቶ ልደታ የሚኖር ሰው፣ ቢያንስ ፍርድ ቤቱ ሩቅ አይሆንበትም። እንስሳው እጁ የገባ ሰው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያስታውቅ፤ ያልገባ ደግሞ በግድግዳው ላይ ካርድ ሳያስሞላ ዝንብ የሚያድነውን እንሽላሊት ይመልከት።