ሮም ሄዶ ሮምን ሳያዩ የመመለስ ዘዴ

ሮምን ሳያዩ ከሮም መመለስ ከባድ ሥራ አይደለም። የቪዛውን ወረፋ ችሎ፣ ለአውሮፕላንና ለሆቴል ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ በመጨረሻ የኮሎሲየምን ፎቶና ሁለት ጥንድ ጫማ ብቻ ይዞ የሚመለስ እንግዳ ሞልቷል። ዘዴው የታወቀ ስለሆነ እዚህ ላይ በቅደም ተከተል ቀርቧል። ከተማዋን የሚወድ አንባቢ እያንዳንዱን ምክር ገልብጦ ቢይዘው ይጠቀማል።

ከጊዜው ይጀመር። እንግዳው በፈረንጆቹ ኦገስት አጋማሽ ይምጣ። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባለው በዓል የሚውልበት ቀን ነው፤ የሮም ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በየሠፈሩ ያሉ ብዙ ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤቶችም «ዕረፍት ላይ ነን» የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ለጥፈው ይዘጋሉ። ከመጣ በኋላ ደግሞ ሰኞን ለሙዚየም ይመድብ፤ ቦርጌዜ ጋለሪም ሆነ ፓላሶ ማሲሞ የሚዘጉት ሰኞ ነው። እሑድን ለቫቲካን ሙዚየም ያድርግ፤ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሱም ዝግ ነው። ለቦርጌዜ ቀድሞ ቦታ አለመያዝም ይረዳል። እዚያ የሚገባው በቀጠሮ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ቤርኒኒ ከዕብነ በረድ የጠረባትን ዳፍኒን፣ የጣቶቿ ጫፍ ወደ ቅጠል ሲለወጥ፣ ሳያይ በሩ ላይ ቆሞ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው፤ ያሳዝናል።

ቁርስ ላይ እንግዳው «የቡና አገር ሰው ነኝ» ብሎ በታወቀ አደባባይ መሃል ከተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ሒሳቡ ሲመጣ ቆሞ ከሚጠጣው ሰው ብዙ እጥፍ እንደከፈለ ያውቃል። የሮም ሰው ቡናውን የሚጠጣው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ነው። በብዙ ቡና ቤት መጀመሪያ ለካሸሯ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ይዞ ወደ ባንኮኒው ይጠጋል፤ ደረሰኙን አስቀምጦ የሚፈልገውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ባሪስታው ትንሿን ሳህን ቀጭ ያደርጋል፣ ማንኪያዋን ከጎኗ ያኖራል፣ ስኒዋ ትከተላለች። ስኳር፣ አንድ ሁለት ማማሰል፣ ሦስት ጉንጭ፣ ደህና ዋሉ። አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ዋጋውም ከአንድ ዩሮ ብዙ አይርቅም። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ጠበቃው፣ ቆሻሻ ጠራጊውና ጡረተኛው ትከሻ ለትከሻ ቆመው ስለ ኳስ ሲከራከሩ ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው እንግዳ የሚያጣው ይህን ነው። ካፑቺኖ እዚያ የጠዋት መጠጥ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ማዘዝም የሚመከር ነው፤ አስተናጋጁ ያመጣል፣ ግን ቱሪስት መሆኑን ሳይጠይቀው ያውቃል።

ለምሳ ከትሬቪ ፏፏቴ እምብዛም አይራቅ። የምግቡ ፎቶ በር ላይ የተለጠፈበትን፣ ዝርዝሩ በስድስት ቋንቋ የተጻፈበትን፣ አንድ ሰው ደጃፍ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» የሚልበትን ቤት ይምረጥ። እራቱንም በአሥራ ሁለት ሰዓት ይጠይቅ፤ የሠፈር ምግብ ቤት ወጥ ቤት ገና አልተቀሰቀሰም፤ የሮም ሰው ለእራት የሚቀመጠው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ወዲህ ነው። ከዚያ ካርቦናራ በክሬም ይዘዝ። የሮም ካርቦናራ ክሬም አያውቅም፦ እንቁላል፣ ፔኮሪኖ የተባለው የበግ አይብ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጓንቻሌ የተባለው በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ፣ በቃ።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ አንድ ቁም ነገር አለ። ሮም የምትኮራባቸው ፓስታዎች አራት ናቸው፦ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ፣ ካቾ ኤ ፔፔ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአሳማ ሥጋ አለባቸው። ካቾ ኤ ፔፔ ብቻ በአይብና በቁንዶ በርበሬ የሚሠራ ነው። ይህን ሳይጠይቁ አዝዞ፣ ከጎረሱ በኋላ መደንገጥ ከተማዋን ለመጥላት ፈጣኑ መንገድ ነው። ጾመኛም ሮም ላይ እራባለሁ ብሎ ከአገሩ በሶ አሽጎ መምጣት ይችላል። አያስፈልግም እንጂ። ማሪናራ የምትባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ናት፤ አይብ የላትም። ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የትም ይሠራል። በጥንቱ የአይሁድ ሠፈር ደግሞ አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት ሙሉውን እንዳለ በወይራ ዘይት ይጠብሱታል፤ ቅጠሎቹ እንደ አበባ ተከፍተው፣ ነሐስ መስለው፣ ሲነኩ የሚሰበሩ ሆነው ይቀርባሉ። የሮም አይሁድ በጠባብ ሠፈር ተዘግተው በኖሩባቸው ዘመናት ካቆዩት ወጥ ቤት የመጣ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ይህን በልቶ በደስታ ይውላል።

ለሳምንቱ ሙሉ እንጀራ ፍለጋ ቴርሚኒ ዙሪያ መዋልም አንድ ዘዴ ነው። እነዚያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ክብር ይገባቸዋል። መንገድ የጠፋበት፣ ሥራ የሚፈልግ፣ ወሬ የናፈቀው ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። አንድ ምሽት ሄዶ፣ በልቶ፣ ከነዋሪው ጋር ተጫውቶ መውጣት ያስደስታል። ሰባቱንም ቀን እዚያ የዋለ ግን ከአዲስ አበባ አልወጣም።

ውኃ ከሱቅ እየገዛ ይጠጣ። ሮም ውስጥ 2,500 ገደማ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች አሉ፤ አፍንጫ መሳይ ስለሆኑ ናሶኔ ይባላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ የተተከሉት በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ውኃቸው ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና ነፃ ነው። የቧንቧውን አፍ ከታች በጣት ሲደፍኑት ከላይ ካለችው ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል፤ የሠፈሩ ልጆች የሚጠጡት እንደዚያ ነው።

ገበያው ላይ ትልቁ ስህተት የሚጀመረው ከአገር ቤት ነው። ዘመድ አዝማድ የጫማ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል፤ እንግዳው ሦስት ቀን ሙሉ ቪያ ዴል ኮርሶ ላይ ያንን ወረቀት ይዞ ሲንከራተት ይመሻል። ቅናሽ የሚጀምረው በጃንዋሪና በጁላይ መጀመሪያ ሰሞን ስለሆነ፣ ለመክሰር ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ መግዛት ነው። መኖሪያው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ ሰው ከአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ ሲገዛ ቀረጡ እንዲመለስለት ፓስፖርቱን አሳይቶ ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ ሰነዱንም ከኅብረቱ ሲወጣ ጉምሩክ ያጸድቅለታል። ገንዘቡን ለመተው ግን ፓስፖርቱን ሆቴል ረስቶ መውጣት ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው አስፋልት ላይ በነጠላ የተዘረጋው የታዋቂ ስም ቦርሳ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ሻጩ የነጠላውን አራት ጫፍ ሰብስቦ ይሮጣል፤ ገዢው ይቀራል። የጣሊያን ሕግ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚገዛውንም ይቀጣል፤ ቅጣቱም እስከ 7,000 ዩሮ ይደርሳል። ገበያ ለሚወድ ሰው እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ አለለት፦ አሮጌ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ የተሰበረ ሰዓት፣ የጦር ሜዳልያ፤ ከሰዓት በኋላ ይበተናል። ከቴርሚኒ አጠገብ ያለው የኤስኩዊሊኖ ገበያም የባንግላዴሹን፣ የቻይናውንና የአፍሪካውን ቅመም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጣል።

አውቶቡስ ላይ ቲኬት ይዞ አለማስመታት ሌላው ምክር ነው። ቲኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፣ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፣ ግን ማሽኑ ውስጥ ካልመቱት እንዳልያዙት ይቆጠራል። ተቆጣጣሪ «እንግዳ ነኝ» የሚል ምክንያት አይሰማም።

ለባህል የተመደበውን ቀን እንግዳው ፎቶ ሲያነሳ ይዋልበት። የስፔን ደረጃዎች ላይ ይቀመጥ፤ ከ2019 ወዲህ በቅጣት የተከለከለ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ ለብሶ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ይሂድ፤ በር ላይ ይመልሱታል። ወረፋ ያለበትን ቦታ ብቻ ያሳድድ፤ ወረፋ በሌለበት አጠገብ ሲደርስ አንገቱን ቀና አያድርግ። ሮም ግን ሀብቷን በነፃ በየቤተ ክርስቲያኑ ትታዋለች። ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ውስጥ የማይክል አንጀሎ «ሙሴ» ተቀምጧል። ከፓንቴዮን የሦስት ደቂቃ መንገድ፣ ሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቼሲ ውስጥ በግራ በኩል ባለችው የመጨረሻ ጸሎት ቤት፣ ካራቫጆ በ1600 ገደማ የሣላቸው ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። በአንደኛው ቀራጮች ጠረጴዛ ከብበው ገንዘብ ይቆጥራሉ፤ ክርስቶስ ከቀኝ ገብቶ ጣቱን ይዘረጋል፤ ብርሃኑ ከእጁ በላይ በግድግዳው ላይ ያልፋል። አንደኛው ልጅ እግር አጎንብሶ ሳንቲሙን መቁጠር አላቆመም። ያንን ልጅ አምስት ደቂቃ ቆሞ ያየ ሰው ስለ ሥዕል መጽሐፍ ከማንበብ የበለጠ ያገኛል።

ኢትዮጵያዊው እንግዳ ከተማዋን ሙሉ በሙሉ ለማጣት አንድ የመጨረሻ ነገር ይቀረዋል፦ ሮም ከእሱ ጋር ጉዳይ እንደሌላት ቆጥሮ ማለፍ።

ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ ራስ አሉላ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ሙታን ናቸው። ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ የአትክልት ስፍራ መታሰቢያቸው ሆኖ የቆመ የግብፅ ሐውልት አለ። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ዘርፈው የወሰዱት የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው እዚያ ሥር ነበር። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በአደባባይ የተቃወመውና ተይዞ ሳይፈታ በ1945 ጣሊያን ውስጥ የሞተው በዚያ አንበሳ የተነሳ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ላይ ቆሟል። በየቀኑ ስንት ሐበሻ ሻንጣውን እየጎተተ ያንን የአትክልት ስፍራ ሳያውቀው ያልፋል!

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን አትክልት ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ኢየሩሳሌምን አልፈው የመጡ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያርፉባት ነበር። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት ሮም ላይ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 የተገናኙትም እዚያው ሮም ነው፤ ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ትውውቅ የበቀለ ነው። የቤተ ክርስቲያኗን ጉብኝት ቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይገባታልም።

ከኮሎሲየም ብዙም ሳይርቅ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ የተጀመረው ግን ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በ1937 ተዘርፎ የቆመው ከዚህ ሕንፃ ፊት ነበር። ጣሊያን እንደምትመልስ በ1947ቱ የሰላም ውል ፈርማ፣ የመለሰችው በ2005 ነው፤ በ2008 አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆመ። ሐውልቱ ገና ፖርታ ካፔና ሳለ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ፣ አበበ ቢቂላ በኦሎምፒኩ ማራቶን በባዶ እግሩ በአጠገቡ ሮጦ አለፈ። ተፎካካሪውን ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው በዚያ አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የኮንስታንቲንን ቅስት አልፎ ወርቁን ወሰደ።

ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ቲኬትም ወረፋም የለበትም። ሮም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ልጆች ካሉት ልጆቹን ይዞ፣ የጫማውን ወረቀት ኪሱ ከትቶ፣ አንድ ምሽት ይሂድበት።