ዳይኖሰር በርካሽ ገዝቶ የመክሰር ጥበብ

አሶሳ አቅራቢያ ባለችው ጾሬ የአሻንጉሊት ዳይኖሰር የሚሸጥ ሱቅ የለም። አሶሳም ቢሆን ለዳይኖሰር ብሎ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ እስካሁን አላየሁም። ደስታው የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ሱቅ ቢኖር ገብቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከፍሎ መውጣት ነበር። አሁን ግን አውሬው በየት በኩል ብቅ እንደሚል አይታወቅም። አንዳንዴ የሳልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ከአንድ እግር ካልሲ ጋር ተጠቅልሎ ይወድቃል። አንዳንዴ ከሱቅ በደረቴው ሳጥን፣ ከጥፍር መቁረጫውና ከባትሪው መሃል፣ ጭራውን ያሳያል። ዕድል ሲቀና ደግሞ ነጠላ ጫማ ሊገዙ በገቡበት ሱቅ ውስጥ፣ ከመርካቶ በመጣ ከረጢት አስራ ሁለት ሆነው ተንጠልጥለው አቧራ ሲጠጡ ይገኛሉ።

እኔ ይህን አደን ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። በእነዚህ ዓመታት ሊሠራ የሚችለውን ስሕተት አንድም ሳላስቀር ሠርቼዋለሁና፣ ልምዴን ይዤው ከምቀበር ለእርስዎ ላውርስ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በጩኸት ይጀምሩ። ዓይንዎ አውሬው ላይ ሲያርፍ ደስታዎን አፍነው አይያዙ፤ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ልባሽ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ነፋስ ሸራቸውን እንዳያነሣባቸው ሦስቱን ማዕዘን በድንጋይ ጭነውታል። ለአራተኛው ድንጋይ አልበቃቸው ኖሮ ጀርባው ላይ ሳህን የመሰለ ነገር የደረደረ ጠጣር ዳይኖሰር አስቀምጠውበታል። «ወይኔ! ስቴጎሳውረስ!» ብዬ ጮህኩ። ሀጂ አውሬውን አነሡት፣ አቧራውን አራገፉለት፣ ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከአፍታ በፊት የሸራ መጫኛ የነበረው ዕቃ ስም አወጣ። ስሙ ይህን ያህል የረዘመ ነገር ደግሞ በ20 ብር አይሸጥም። «ማን አልከው መምህር?» አሉኝ። ደገምኩላቸው። 150 ብር ገባ።

ገበያ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ሌላ ዘዴ አላቸው። መጀመሪያ ሱሪ ያነሣሉ። ሱሪውን ወደ ፀሐይ ይዘው ያገላብጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ትተው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። በመጨረሻ ብሩን እየቆጠሩ፣ ዓይናቸውን ሌላ ቦታ ጥለው፣ «በቃ ይቺን አርጃኖ ለልጅ ይመርቁልኝ» ይላሉ። እርስዎ እንዲህ ያለ ተንኮል ውስጥ አይግቡ። ዳይኖሰርን አርጃኖ ማለት ሳይንስን መሳደብ ነው፤ ለሳይንስ ክብር 150 ብር ምን አላት!

ሲገዙ ሆዱን ገልብጠው አይመልከቱ። ማን እንደሠራው፣ ብዙ ጊዜም በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀረጸ፣ ሆዱ ሥር ወይም እግሩ ላይ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የጀርመኑ ሽላይክ፣ የፈረንሳዩ ፓፖ፣ የአሜሪካው ሳፋሪ ስማቸውን የሚያኖሩት እዚያ ነው። ሳፋሪ ከፒትስበርጉ የካርኔጊ ሙዚየም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2015 ያወጣቸው ዳይኖሰሮች ዛሬ ከፋብሪካ አይወጡም፤ ስለዚህ ሰብሳቢው ሁሉ ያሳድዳቸዋል። ድንገት ዓይንዎ ሸርተት ብሎ ሆዱን ካየ ደግሞ «ቻይና» የምትለዋን ቃል ብቻ ያንብቡና ፌክ ነው ብለው ይወርውሩት። ከእነዚያ ስመ ጥሮቹም ብዙው የሚሠራው እዚያው ቻይና መሆኑን ማወቅ አያስፈልግዎትም።

የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢንቪክታ በተባለ ኩባንያ ያሠራቸው ዳይኖሰሮች ከራስ እስከ ጭራ አንድ ቀለም ብቻ ነበሩ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ባለ አንድ ቀለም፣ ጭራው በልጅ ጥርስ የታኘከ አንገተ ረጅም በ30 ብር ቀርቦልኝ፣ «ይሄማ በወጉ እንኳ አልተቀባም» ብዬ ትቼው ቀይና አረንጓዴ የሚያብለጨልጨውን ገዛሁ። የተውኩት የለንደኑ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሆዱን አላየሁማ!

ከዚያ ቁጥር ይውደዱ። አንድ ጥሩ አውሬ ከመግዛት አስራ ሁለቱን በአንድ ከረጢት መግዛት ብልህነት ይመስላል። ቤት ገብተው ከረጢቱን ሲከፍቱት ሁለቱ መንታ ናቸው፣ አንዱ ዛፍ ነው። ጀርባው ላይ ሸራ የወጠረው ዲሜትሮዶን ይባላል፤ የመጀመሪያው ዳይኖሰር ከመምጣቱ በብዙ አስር ሚሊዮን ዓመታት ቀድሞ ያለቀ፣ ዝምድናውም ከእንሽላሊት ይልቅ ከእኔና ከእርስዎ ጋር የሚቀርብ ፍጡር ነው። የሌሊት ወፍ የመሰለ ክንፍ ያለውም ዳይኖሰር አይደለም። ይህን ሲረዱ ይናደዱና ዳይኖሰር ያልሆነውን ሁሉ ለልዋጭ ይስጡ። እኔ እንዲህ ሳጸዳ አፍንጫው ላይ ሁለት ግንድ የሚያካክል ቀንድ ጎን ለጎን የተተከለበትን ወፍራም አውሬ «ይሄ አውራሪስ ነው» ብዬ አብሬ አስወጣሁት፤ አንድ የፕላስቲክ ጆግ አገኘሁበት። በኋላ ሳነብ አርሲኖይቴሪየም ኖሯል። ከዚያ ከረጢት ውስጥ ቅሪተ አካሉ በአገራችን እንደተገኘ የማውቀው እሱን ብቻ ነው፤ ጎንደር አካባቢ ጭልጋ ላይ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው ድንጋይ ውስጥ። ያገሬን ልጅ በጆግ ለውጬ እንግዶቹን መደርደሪያ ላይ ደረደርኩ።

ምንም የማይመስሉትንም ያስወግዱ። አሜሪካ ውስጥ ጌሪ ጋይጋክስ የተባለ ሰው ሆንግ ኮንግ ከተሠራ ርካሽ ከረጢት ውስጥ ዳይኖሰርም እንስሳም ለመሆን ያልቆረጡ ቅርጾች አገኘ። አልጣላቸውም። አንዱን ብረት እያዛገ የሚበላ፣ ሌላውን ግማሹ ጉጉት ግማሹ ድብ የሆነ ጭራቅ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ከባልደረባው ጋር ባወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለው ጨዋታ ላይ ቆየት ብሎ ጨመራቸው። ዓለም እስከ ዛሬ ይጫወትባቸዋል። እርስዎ ግን ቁም ነገረኛ ሰው ነዎት።

ስለ ሒሳብ አጠር ላድርገው፤ ያመኛል። የመንገዱን ወጪ ከአውሬው ዋጋ ጋር አይደምሩ። ከጩኸቱ ተምሬ፣ ከአሶሳ ጾሬ ሄጄ፣ በ40 ብር አንድ አንኪሎሳውረስ ይዤ በተመለስኩ ዕለት «በ40 ብር!» እያልኩ ለሦስት ጎረቤት አወራሁ። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ የምታስተምረውም ሒሳብ ነው፤ የትዳራችን ጉድለት ይህ ብቻ ነው። ባጃጁን፣ ምሳውን፣ ሀጂን እንዳይነቁ ብዬ የገዛሁትን ሱሪ ደመረችው። ሱሪው አልሆነኝም። ከዚህ የበለጠ መክሰር የሚፈልግ ሰው «መርካቶ በጅምላ ይረክሳል» ብሎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይግባ።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት ልለፍ። ከልጅ ጋር ሲገበያዩ አይራሩ።

ጾሬ የስደተኞች መጠለያ አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ዳር ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ የጭቃ ከብት ሠርቶ ደርድሯል። በሬው ከነሻኛው፣ ላሟ ከነጥጃዋ፣ ሁሉም አለ። ከመንጋው መሃል አንድ የፕላስቲክ ቲራኖሳውረስ ሬክስ ጭራውን መሬት አስደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ገመድ ታስሮለታል። አጠገቡ ደግሞ ያው አውሬ በጭቃ ተደግሟል፤ እግሮቹ የሽመል ስንጥር ናቸው።

«ስንት ትሸጥልኛለህ?» አልኩት ፕላስቲኩን። 50 አለ። በዕድሜዬ ያካበትኩትን የገበያ ጥበብ ሁሉ በአንድ ሕፃን ላይ አወረድኩት። ቀለሙ ለቋል አልኩ። ጣቱ ተበልቷል አልኩ። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በ15 ብር ጨረስኩ። ልጁ ገመዱን ፈትቶ ሰጠኝና የጭቃውን አንሥቶ «ይሄ ምርቃት» አለኝ። ሳየው ጠማማ ነው። ግንባሩን ወደ ፊት ሰድዶ፣ ጭራውን ወደ ኋላ አንሥቶ አጎንብሷል።

«ለምን አጎነበስከው?»

«ቆሞማ አይሄድም፤ ይወድቃል» አለኝና አጠገባችን መሬት የምትጭር ዶሮ አሳየኝ።

ቦርሳዬን ያቆሽሻል ብዬ ትቼለት ሄድኩ።

የከሰርኩት ቤት ገብቼ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን አውሬ ለብዙ አስር ዓመታት እንደ ካንጋሮ ቀጥ አድርገው፣ ጭራውን መሬት ላይ እያስጎተቱ ሲያቆሙት ኖረዋል። ኒው ዮርክ ያለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አጽሙን ነቅሎ፣ አጎንብሶ፣ ጭራውን ከመሬት አንሥቶ እንደገና የተከለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ልጁ ለዚህ ያስፈለገችው አንዲት ዶሮ ናት። ምስክር አመራረጡም ጥሩ ነበር፤ ወፎች በሙሉ በሁለት እግራቸው ከሚሄዱት ዳይኖሰሮች የወረዱ ናቸውና ዶሮ ማለት በሕይወት ያለ ዳይኖሰር ነው። በየበዓሉ ዳይኖሰር በ12 ብልት አውጥተን፣ እንቁላሉን ጨምረን የምንበላ ሰዎች አቋቋሙን አለማስተዋላችን ይገርማል።

በሳምንቱ ፕላስቲኩን ይዤ ተመለስኩ፤ በጭቃው ልለውጠው። ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ ያ ሁሉ መንጋ ፈርሷል። ልጁ ሌላ ጀምሯል፤ አዲስ አጎንባሽ ሬክስም ፀሐይ ላይ አስጥቷል። ለውጠኝ አልኩት። ፕላስቲኩን ተቀበለኝ፣ ገለበጠው፣ ሆዱን አየ፣ ከዚያ አንገቱን እየነቀነቀ «ጣቱ ተበልቷል» አለኝ። 20 ብር ጨምሬ ለወጥኩ።

ስለ አያያዝ ጥቂት ልበል። የተጣመመ እግር ለማቃናት ከሰል ላይ ያስጠጉት። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ሲለሰልስ አቅንቶ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተት ቅርጹን ያጸናዋል፤ ነገር ግን አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሚፈጅ እንደ ሥራ አይቆጠርም። የለቀቀ ቀለም በጥፍር ቀለም ይሸፍኑት፤ ተለጥፎብዎት ይከርማል። ሲጨርሱ የአሶሳ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ያቁሙትና ሲነጣና ሲሰባበር ይዩት። ልጆች እንዳይነኩት ግን ይጠንቀቁ!

ለልጆች ሌላም አይንገሯቸው። ዳይኖሰር የፈረንጅ ነገር ነው ብለው ይመኑ። ሰሜን ሸዋ፣ የጀማ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠረ ድንጋይ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ጀማ አባይ ይገባል፤ አባይም በእኛው ክልል አልፎ፣ ጉባ ላይ ተርባይን አዙሮ ሱዳን ይወርዳል። ይህን የሰማ ልጅ ከረጢቱን ትቶ ድንጋይ ማገላበጥ ይጀምራል፤ ድንጋይ ደግሞ ከዳይኖሰርም ይረክሳል።

አንድ ጉዳይ ቀረኝ። ባለ ሦስት ቀንዱን ትራይሴራቶፕስ በሰባት ዓመት አደን አላገኘሁትም። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮቹ ሲያልቁ መጨረሻ ላይ ከነበሩት አንዱ ነው፤ ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው የተባለው ለእሱ ይመስለኛል። ጾሬ መጥተው ከሀጂ ሸራ ላይ ቢያዩት፣ እባክዎ፣ እንዳይጮሁ። ቀስ ብለው አንድ ሱሪ ያንሡና ዋጋ ይጠይቁልኝ። የሱሪውን እኔ እከፍላለሁ።