ማንንም የማይገድል ውሃ

አቦ፣ ይሄ የጉድጓድ ውሃ አታከተን! ጅግጅጋ ውስጥ ጉድጓድ ያለው ግቢ ያገኘ ተከራይ መጀመሪያ “ተመስገን፣ ከጋሪና ከቦቴ ተገላገልኩ” ይላል። ሲቀዳ ጥርት ያለ ነዋ! ሲያድር ግን በርሜሉ ሥር ቀይ ዝቃጭ ይተኛል፤ ክዳኑ ሲነሳ የገማ እንቁላል ይሸታል። ሻይ ሲፈላበትማ አይነሳ፤ ውሃው ውስጥ ያለው ብረት ከሻይ ቅጠሉ ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል። ወተት ሲጨመርበት ደግሞ ግራጫ ይሆናል። እንግዳ ፊት እንዴት ይቀርባል?

ነጭ ልብስ ላይ በረኪና የጨመረ ሰው አለቀለት። በረኪናው የሟሟውን ብረት ዝገት ያደርገውና ጨርቁ ላይ ያትመዋል። ለዝገት ሎሚ ይሻል ነበር፤ ይህን የሚነግርህ ጎረቤት ግን የሚመጣው ሸሚዝህ ቡኒ ከሆነ በኋላ ነው።

አቤት ብትል መልሱ “ማንንም አይገድልም” ነው። እውነትም የዓለም ጤና ድርጅት ለብረት የጤና ገደብ አላወጣም፤ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ካለፈ ልብስና ዕቃ ያበላሻል ብሎ አልፎታል። በሽታ ስላልሆነ ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም። በሐርሺን በኩል በቢርካ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እየቆጠበ የሚጠጣ ሰው እያለ፣ ስለ ሽታ ማማረር ራሱ ጥጋብ ይመስላል። እኛም አፍረን ዝም እንላለን።

ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ ባለሙያ ነው። አንዱ አፍላው ይላል፤ ማፍላት ሽታውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ብረቱን የትም አያደርሰውም። ሌላው ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጨምርበት ይላል። ክሎሪን ብረቱን እንዲዘቅጥ ያደርጋል፣ ሽታውንም ያጠፋል፤ ግን ለጀርም የሚጨመረው መጠን ለዚህ ላይበቃ ይችላል፣ ዝቃጩም መጣራት አለበት። የማጣሪያ ነጋዴውማ ውሃው ሳይመረመር ዋጋ ይጠራል።

ርካሹ መላ አየር ነው። ውሃውን ከፍ አድርጎ ከዕቃ ወደ ዕቃ እያንቆረቆሩ ማናፈስ፣ ማሳደር፣ ከዚያ በአሸዋ ማሳለፍ። አሸዋው በቀይ ጭቃ ሲደፈን ለማጠቢያው ደግሞ ሌላ ውሃ! በርሜሉ ክፍት ይደር ቢባል ትንኝ አለ። ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ክልል፣ ቀብሪደሃር ነው፤ የምትራባውም በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ግጥም አድርገህ ብትከድነው ሽታው አብሮ ይታፈናል። ስለዚህ ስስ ጨርቅ እናስራለን፤ ልጆች ይፈቱታል፤ መልሰን እናስራለን።

ጉድጓድ የምታስቆፍሩ አከራዮች፣ ሮቶ ከመስቀላችሁ በፊት እባካችሁ ውሃውን አስመርምሩ። ቤት ፈላጊዎች ደግሞ “ውሃ አለው” ሲሏችሁ ቶሎ ቀብድ አትክፈሉ። በባዶ ሃይላንድ እስከ ግማሽ ድረስ ቅዱና በደንብ ናጡት፤ አሳድራችሁ ጠዋት ቀለሙን እዩ፣ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።