ፀባይ ወይስ የቤት ኪራይ?

ከባንክ ወጥቶ ስታርታፕ ለመግባት የሚያስብ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል፤ «ፀባዬ ለዚያ ዓይነት ሥራ ይሆናል?» መላሽ አይጠፋም። ደፋር፣ ፈጣን፣ ለውጥ ወዳድ፣ ጫና ሲበዛበት የሚስቅ ከሆንክ ግባ፤ ጥንቃቄና ሥርዓት ከወደድክ ማኅተምህን ይዘህ ባለህበት ተቀመጥ ይባላል። በዚህ አከፋፈል የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በጂንስ ሱሪ የተወለደ፣ ሌላው በከረባት። እኔ አከፋፈሉን አልቀበለውም። በዚህ ጉዳይ ፀባይ እየተባለ ከሚጠራው ነገር ግማሹ የቤት ኪራይ ነው። የቀረው ግማሽ እውነትም ፀባይ ነው፤ ግን የሥራ ማስታወቂያው የሚጠራው ፀባይ አይደለም።

ማስረጃ ከተፈለገ በዓለም ከታወቀው ጋራዥ እንጀምር። አፕል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1976 ሲቋቋም ፈራሚዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱን ስቲቮች፣ ጆብስንና ዎዝኒያክን፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። ሦስተኛው ሮናልድ ዌይን 10 በመቶ ድርሻ ነበረው፤ በ12ኛው ቀን ወጣና ለድርሻው 800 ዶላር ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ የዓለም የቢዝነስ ሰባኪ ሁሉ የፈሪ ምሳሌ አድርጎት ይኖራል። ነገሩን ከሒሳብ መዝገቡ በኩል ላየው ግን ሌላ ነው። ውሉ የሽርክና ውል ስለነበር ዕዳ ከመጣ የእያንዳንዱን ሸሪክ ኪስ ይፈልጋል። ጆብስ 21 ዓመቱ ነበር፣ ዎዝኒያክ 25፤ ሁለቱም ሊወረስ የሚችል ጥሪት አልነበራቸውም። ዌይን 40ን ያለፈ፣ ቤትና የባንክ ሒሳብ ያለው፣ ከዚያም በፊት የራሱን ድርጅት ከፍቶ ኪሳራ የቀመሰ ሰው ነው። ጆብስ የመጀመሪያዎቹን ኮምፒውተሮች ለመገጣጠም ዕቃ በዱቤ ሲያነሳ፣ ገዢው ባይከፍል አበዳሪው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ገብቶታል። ድፍረትና ፍርሃት የተባሉት እዚያ ቦታ ላይ የንብረት ልዩነት ናቸው። ቤቱ የጆብስ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በምን ይቀጥል እንደነበር ለመገመት እንኳን ያስቸግራል።

ዎዝኒያክ ደግሞ አከፋፈሉን ጨርሶ ያፈርሰዋል። ሰውየው ዓይን አፋር ነው፤ ሄውሌት ፓካርድ የሚባል ትልቅና የተረጋጋ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ዕድሜውን እዚያው ሊጨርስ የተመኘ ነበር። ባለሀብቱ ማይክ ማርኩላ ገንዘብ ይዞ መጥቶ «ሥራህን ልቀቅ» ሲለው በመጀመሪያ እምቢ አለ። ኋላ ላይ ልቡን ያራራው የሀብት ተስፋ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ወዳጁ «አለቃ ሳትሆን መሐንዲስ ሆነህ መቀጠል ትችላለህ» ብሎ ስላረጋገጠለት ነው። እንግዲህ አፕል አንድና አፕል ሁለት የተባሉትን ኮምፒውተሮች የሠራው ሰው ዛሬ ለቅጥር ቢቀርብና «ራስህን እንደ አደጋ ወዳድ ታያለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ወድቆ ይመለሳል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ኪራዩ ዘመድ ያበዛል። የባንክ ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ያገኛል፤ ሲለቅ ብዙውን ጊዜ ወለዱ እንደ ማንም ሰው ወለድ ይሆናል። ቋሚ ሠራተኛ ስለሆነ ለአክስቱ ልጅ ዋስ ይሆናል፤ ሦስት ሰው የሚሠራበት ድርጅት የጻፈውን የዋስትና ደብዳቤ ግን ተቀባዩ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። እቁቡ ኢንቨስተር እስኪመጣ አይጠብቅም። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ አባት «የት ነው የሚሠራው?» ይላሉ፤ «መተግበሪያ እያበለጸገ ነው» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይርዳው፤ ከዚያስ?» ብለው ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ሲያመነታ ለውጥ ይፈራል መባሉ ግፍ ነው። አባቱ ቦሌ ላይ ፎቅ ያለው ልጅ ደግሞ ዘሎ ሲገባ ልበ ሙሉ ይባላል፤ ልቡን የሞላው ፎቁ መሆኑን የሚያነሳ የለም።

«እንዲህማ አይደለም፣ አደጋ የሚወድ ሰው በተፈጥሮው አለ» የሚል ይኖራል። አለ። ግን አደጋ መውደዱ ይጠቅመዋል ወይ ነው ጥያቄው። ራፊና ፌንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ደመወዛቸውን ይዘው በጎን ድርጅት የጀመሩ አሜሪካውያን ሥራቸውን ጥለው ከጀመሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ጥናቱ የመሥራቾች ነው እንጂ የተቀጣሪዎች አይደለም፤ ይሁንና መሥራቹ ራሱ ጥንቃቄ ከጠቀመው፣ ድርሻ የሌለው ተቀጣሪ ጀግና የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ቀሪው ግማሽ። ኪራይ የሌለበት፣ ጤነኛ፣ ብልህ ወጣት ሆኖም ስታርታፕ ውስጥ ገብቶ የሚንገበገብ አለ። ይህን ሰው የሚያቃጥለው የሥራው ብዛት አይመስለኝም፤ የለፋበት ነገር መጣሉ ነው። ስላክ የሚባለው የቢሮ መልእክት መለዋወጫ የተወለደው ግሊች ከተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ሬሳ ነው። ድርጅቱ ጨዋታውን ለዓመታት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ዘጋው፤ አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ፤ የቀሩት ጥቂቶች እርስ በርስ ሲነጋገሩበት የነበረውን የውስጥ መሣሪያ ገበያ አወጡት። ዛሬ ታሪኩ የብልህነት ምሳሌ ሆኖ ይተረካል። ለጨዋታው ዛፍና ደመና ሲስል ለኖረው ሰው ግን ትረካው ሌላ ነው። ሥራዬ ተጠናቆ፣ ተፈርሞ፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል ሰው አለ፤ ይህ እውነተኛ ፀባይ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። አገር የሚቆመው በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ሰኞ የተጻፈ ዕቅድ ሐሙስ በሚሻርበት ቤት ግን በስድስት ወር ይቃጠላል። በአንጻሩ ሥራው ሲጣልበት «እሺ፣ ቀጣዩስ?» ብሎ ቡናውን የሚያዝ ዝምተኛ፣ ቁጥብና ፈሪ ቢሆንም እንኳን ይሆነዋል።

ማስታወቂያው ግን ይህን አይጠይቅም። «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላል። አበሻ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባ ነበር፤ በቤተሰብ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም፣ ገንዘብ መጠየቅም ነውር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ገድቦታል፤ በሕዝብ በዓል ለተሠራ ትርፍ ሰዓት ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ ለዚህም ይመስላል አራት ሰው ባለበት ድርጅት አራቱም ኃላፊ የሚሆኑት። የዕድገት ኃላፊው ከራሱ በቀር የሚያሳድገው ሠራተኛ የለውም። ደግነቱ ሕጉ የሚያየው ማዕረጉን ሳይሆን የተሰጠውን ሥልጣን ነው።

«ደመወዙ ቢያንስም ድርሻ ይሰጡኛል፣ ብዙም እማራለሁ» ለሚለው፦ ትምህርቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አስተማሪ የሚሆን የበሰለ ሰው ቤቱ ውስጥ ካለ ነው እንጂ ሁሉም ጀማሪ በሆነበት ቤት የሚገኘው ትምህርት የስህተት ብዛት ነው። ድርሻው ግን ሰነዱ ተፈርሞ እጅ እስኪገባ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳን አዲስ ከሚከፈቱት የሥራ ቦታዎች ግማሽ ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን አያልፉም።

ስለዚህ የፀባይ ፈተናውን ለጊዜው ተዉትና ኪራያችሁን፣ እቁባችሁን፣ ዋስ የሆናችሁላቸውን ሰዎች ጻፉ፤ ደመወዝ ለሦስት ወር ቢቋረጥ ማን እንደሚከፍል ከጎኑ አስፍሩ። ከዚያ ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ስለ ራእዩ መሥራቹን አትጠይቁት፤ ሲነግራችሁ ይመሻል። ያለፈው ወር ደመወዝ በስንት ቀን እንደገባ፣ የጡረታው 11 በመቶ ከአሠሪው፣ 7 በመቶውም ከሠራተኛው ተቆርጦ ገቢ መደረጉን ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠይቋት። ሒሳብ ሠራተኛ የለንም ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ባንካችሁ ገና አልተዘጋም።